የመጀመሪያው ዋጋ

ልጅ ሳለሁ «ስታድጊ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» ሲሉኝ እናደድ ነበር። የሚያናድደኝ ጥያቄው አይደለም፤ ጠያቂዎቹ መልሱን እስክጨርስ አለመታገሣቸው ነው። የእንስሳት ሐኪም፣ ሠዓሊ፣ አስተርጓሚ፣ ሬዲዮ ጠጋኝ እያልኩ ስቀጥል እንግዳው ፊቱን ወደ እናቴ ያዞርና «ይቺ ልጅ ገና አልለየላትም» ይላል። እናቴም «ዶክተር ነው የምትሆነው» ብላ ወሬውን ትዘጋዋለች። አባቴ ግን ይስቃል። «አንቺን ለማስተማርማ አንድ ዩኒቨርሲቲ አይበቃም» ይለኛል።

ያደግኩት ጅግጅጋ ነው። አያቴ በወታደርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ አባቴ ደግሞ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። ሆኖም ሰው «አገርሽ የት ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ አባቴ አጠገቤ ካለ ቀድሞኝ ይመልሳል። የሚጠራውም እኔ ረግጬው የማላውቀውን፣ እሱም በልጅነቱ አንዴ ለለቅሶ የሄደበትን የሰሜን ገጠር ነው። እኔ ግን ከበር ስወጣ በሶማሊኛ የምጣላ፣ ቤት ስገባ በአማርኛ የምቆጣ ልጅ ነበርኩ። አገሬ የት እንደሆነ የሚያጠራጥር ነገር አይታየኝም ነበር።

በአጥር የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን የፍየል ደላላ ነበሩ። ሶማሊዎች የአባትን እህት «ኤዶ» ይሏታል፤ እኔም ስማቸውን ትቼ እንደዚያ ነው የምጠራቸው። እሳቸው ደግሞ «ሆዮ» ይሉኛል። ሆዮ እናት ማለት ነው፤ የሶማሊ እናት ልጇን በራሷ መጠሪያ መልሳ ትጠራዋለች። ትምህርት በማይኖርበት ቀን ወደ ከብት ገበያው ይዘውኝ ይሄዱ ነበር። እዚያ ፍየል የሚሸጡትም የሚገዙትም በብዛት ሴቶች ስለሆኑ የኤዶ ሥራ ከሴቶቹ ጋር ነበር።

የገበያው ሥርዓት ለማያውቀው ሰው ጨዋታ ይመስላል። ስለ ዋጋ ማንም አፉን አይከፍትም። ኤዶ የሻጯን እጅ ይይዙና ትከሻቸው ላይ የሚጥሉትን ሰፊ ጨርቅ፣ ጋርባሳራቸውን፣ ከላይ ያለብሱታል። ከስር ጣት በመጫን ዋጋ ይነገራል። ከዚያ ወደ ገዢዋ ዞረው እንደዚያው ያደርጋሉ። የከበበው ሰው የሚያየው የሚንቀሳቀስ ጨርቅ ብቻ ነው። እጇን መንጭቃ ያወጣች ሴት አልፈልግም ማለቷ ነው። ጥብቅ አድርጋ ጨብጣ ከነቀነቀች ፍየሏ ተሸጠች፤ ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም። እጇን ዝም ብላ እዚያው የተወች ደግሞ ገና ናት፤ ክርክሩ አላለቀም።

ኤዶ ያስተማሩኝ ትልቁ ነገር ስለ መጀመሪያው ዋጋ ነው። የመጀመሪያው ዋጋ ለክብር ነው የሚጠራው። ሻጯ ማንም እንደማይከፍላት እያወቀች ከፍ አድርጋ ትጠራለች፤ ገዢዋም ይህንኑ ስለምታውቅ አትቀየምም፤ እውነተኛው ወሬ የሚጀምረው ከሁለተኛው ነው። አንዴ ከሌላ አገር የመጣች ገዢ የመጀመሪያውን ዋጋ ስትሰማ እጅ ጨብጣ ነቀነቀች። ሻጯ ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ሴትዮዋ ግን ፍየሏ ስትወሰድ እያየች ደርቃ ቀረች፤ ምን ሰጥቼ ይሆን እያለች ቀኑን ሙሉ ስታጉረመርም ዋለች።

አሥረኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት ከተማችን ታወከች። ስለዚያ ክረምት ብዙ ሰው ተናግሯል፤ እኔ የማውቀው የኤዶን ጓዳ ነው። ጩኸቱ እንደ እኛ «መጤ» ወደሚባሉት ቤቶች ሲቀርብ ኤዶ በአጥሩ በኩል አሻግረው አስገቡንና እኔንና አባቴን ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ አስቀመጡን። እናቴ ግን ከግቢያቸው የቆርቆሮ በር ቀዳዳ አልለይ አለች። ኤዶ ደጃፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። ማንም አልገባም። ሁሉ ነገር ሲረጋ ወደ ቤታችን ተመለስን፤ በሩ ተገንጥሎ ነበር፤ እየፈታሁ የምገጥመው ሬዲዮዬም የለም። እናቴ አላለቀሰችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን «ዶክተር ነው የምትሆነው» የምትለው እየሳቀች መሆኑ ቀረ።

መስከረም ላይ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ምረጡ ተባልን። እኔ ሁለቱንም እፈልግ ነበር። ታሪክና ቋንቋ ልተው ነው ብዬ ሳስብ ሆዴ ይባባል፤ ባዮሎጂን ልተው ስል ደግሞ ይብስብኛል። የእናቴን ፊት አይቼ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ገባሁ። ብዙ ነገር የሚወድ ሰው ሲመርጥ ሌላው ሰው የሚያየው የያዘውን ነው። የተወውን ግን ማንም «ነፍስ ይማር» አይለውም፤ እኔም ለማን እንደማለቅስ ሳላውቅ አንድ ሳምንት ተነጫንጬ ከረምኩ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በወረርሽኙ ምክንያት ሲዘገይ ሥራ ፈት ሆንን። መንገድ ሲከፈት ኤዶ ሽንሌ ወዳለው ወንድማቸው ዘንድ ይዘውኝ ሄዱ። የካራማራን ተራራ አቋርጠን፣ ድሬዳዋ አድረን፣ በማግስቱ ስንደርስ የወንድማቸው ፍየሎች እያሳላቸው ይሞቱ ነበር። ከመንግሥት የተላከ ወጣት የእንስሳት ሐኪም በሞተር ብስክሌት መጣ። ሶማሊኛ አይችልም፤ አርብቶ አደሮቹም አማርኛ አይችሉም። ስለዚህ እኔ መሀል ገባሁ።

ሐኪሙ የሞተችውን ፍየል ማዳበሪያ ከረጢት ላይ አጋድሞ ደረቷን ከፈተ። አንደኛው ሳንባዋ ጤነኛ ነው፤ ሌላው ደድሮ ከጎድኗ ጋር ተጣብቋል። ሴቶቹ ቀረብ ብለው ለማየት ስላልደፈሩ የካርቶን ቁራጭ ላይ ሁለቱን ሳንባዎች ጎን ለጎን ሣልኩላቸው። «የታመመችውን ከጤነኛዋ ለዩ ነው የሚለው» ስላቸው አንዷ «የልጆቼን ወተት ከልጆቼ ልለይ?» ብላ ጮኸችብኝ። እኔም መልሼ ጮህኩ። በመጨረሻ ተስማሙና በረቱን ለሁለት ከፈሉት። ሥዕሉ፣ ቋንቋው፣ ባዮሎጂው፣ ጭቅጭቁም ሳይቀር በአንድ ጠዋት ሥራ አገኙ። ከእኔ የቀረ ሥራ ፈት አካል አልነበረም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ምን መሆን እንደምፈልግ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር መልሴ አጭር ነበር፤ ነገር ግን የዚያን ጊዜ ጠያቂው ጠፋ።

የተመደብኩት እዚያው ከተማችን ባለው ዩኒቨርሲቲ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ ተማሪው የሚፈልገውን በቅደም ተከተል ያስገባል፤ ምደባው በውጤት ይሆናል። ከዶርም ወደ ቤት በመጣሁ ቁጥር እናቴ «መጀመሪያ ሕክምናን አድርጊ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የራስሽ ጉዳይ ነው» ትለኛለች። ስለ ሽንሌው ጠዋት ልነግራት አንዴ ሞክሬ ነበር። «ፍየል ለማከም ነው ይህን ያህል የተማርሽው?» ብላ ወጥ ልታማስል ገባች።

እኔም ብልጠት ቃጣኝ። ውጤቴ ጥሩ ነው፤ ግን ከእኛ በፊት የነበሩት ሕክምና የገቡበት ውጤት ከእኔ ይበልጣል። ስለዚህ አንደኛ ሕክምና፣ ሁለተኛ የእንስሳት ሕክምና አደርጋለሁ። አንደኛው አይደርሰኝም፤ እናቴ «ሞክራ ነበር» ትላለች፤ እኔም ወደ ፍየሎቼ እሄዳለሁ። ሳስበው በትክክል የገበያው ሥርዓት ነበር፤ የመጀመሪያውን ዋጋ ለእናቴ ክብር ጠርቼ በሁለተኛው እሸጣለሁ።

ለኤዶ ነገርኳቸው። ኩራት ኩራት እያለኝ ነበር። ኤዶ ሻያቸውን እያማሰሉ ሰሙኝና «ሆዮ፣ ገዢሽ ደንቡን ያውቃል?» አሉኝ።

ሳቅሁ። ምን ማለታቸው እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም።

ምደባው በቴሌግራም ተለቀቀ። ካፌ በር ላይ ቆመን ሁላችንም ስልካችን ላይ አቀርቅረናል። ስሜ አጠገብ «ሕክምና» ይላል። ጓደኞቼ አቅፈውኝ ሲጮሁ እኔ ስህተት ነው እያልኩ እገፋቸዋለሁ። ሬጅስትራር ሄጄ መስኮቱ ላይ ያሉትን ሴትዮ «በዚህ ውጤት እንዴት ደረሰኝ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ገርሟቸው አዩኝ፤ እንደዚህ ብሎ የሚያማርር ሰው አይመጣባቸውም መሰለኝ።

«ለሴት ነጥብ ይጨመራል። ከታዳጊ ክልል ለመጣም ይጨመራል። የአንቺ ሁለቱም ተደምሮልሻል።»

«እኔ እኮ ታዳጊ ክልል…»

«የት ነው የተወለድሽው?»

«ጅግጅጋ።»

«የተማርሽውስ?»

«ጅግጅጋ።»

«እና?» አሉ።

ማስታወቂያው ተለጥፎ አይቼዋለሁ፤ ግን «ታዳጊ ክልል» የሚለው የእነኤዶን የወንድም ልጆች እንጂ የእኔን ቤት የሚነካ አልመሰለኝም። የአባቴን የሩቅ ገጠር ስም ስሰማ ስላደግኩ ይሆናል። አገሬ እዚህ ነው ብዬ በልቤ ስከራከር ኖሬ፣ ክልሉ ልጄ ነሽ ብሎ እንደሚቆጥረኝ ግን አላሰብኩም ነበር። ደስ ሊለኝ ይችል ነበር። የዚያን ዕለት ግን ያሰብኩት ያችን ሻጭ ሴትዮ ነው።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። እናቴ እልል ብላ ጎረቤቱን ሰብስባለች። አባቴ ተላጭቶ ኮቱን ለብሶ ከተማውን ሊዞር ወጥቷል፤ ጉዳይ ኖሮት አይደለም፤ «የልጄ ነገር ሆነ» ሊል ነው። እኔ ግን የማውቀው ሌላ ነገር ነበር። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ድረስ አመልክቶ መቀየር ይቻላል፤ የእኔን ቦታ ለመውሰድ የሚሻማ ደግሞ ሞልቷል። የቀረኝ ለእናቴ መናገር ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ኤዶ ጋ ሄድኩ። «እጅ ከተጨባበጡ በኋላ መመለስ የለም አይደል?» አልኳቸው። የለም እንዲሉኝና እፎይ እንድል ፈልጌ ነበር መሰለኝ።

«የለም» አሉ። ሻይ ቀዱልኝና ቆይተው «ግን ይኼ ሕግ ለሻጭና ለገዢ ነው። ፍየሏን ማንም ጠይቋት አያውቅም። አንቺ ሆዮ፣ ሻጯ ነሽ ወይስ ፍየሏ?» አሉኝ።

ተናደድኩ። የሚያጽናኑኝ መስሎኝ ነበር። ሻዩን ሳልጠጣ ተነስቼ ወጣሁ፤ በንዴቴም ጉልበት በቀጥታ እናቴ ዘንድ ሄድኩ።

እናቴ ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥባለች። «እማዬ፣ ልቀይር ነው። የእንስሳት ሕክምና ነው የምማረው» አልኳት። ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ እጇን ከአረፋው አውጥታ በቀሚሷ ጠረገች።

«ያን ቀን ከኤዶሽ በር ቀዳዳ ምን እንዳየሁ ነግሬሽ አላውቅም» አለች። እውነቷን ነው፤ ነግራኝ አታውቅም። «መንገዱ ዱላ በያዘ ጎረምሳ ሞልቷል። በዚያ መሀል አንዲት ሴት ብቻዋን መጣች። ከእኛው ቤተ ክርስቲያን የምትሳለም ነርስ ናት፤ በዓይን አውቃታለሁ። አለቀላት አልኩ። ነጭ ጋውኗን ለብሳለች። አንዱ ‹ሐኪም ናት፣ ልቀቁላት!› አለ። ለቀቁላት። ዝም ብላ በመሀላቸው አለፈች። እኛ ተደብቀን ትንፋሻችንን ውጠን፣ እሷ በመንገዱ መሀል።»

ከአረፋው ውስጥ ልብስ አንስታ መጭመቅ ጀመረች።

«ለጉራ መስሎሽ ነበር አይደል? ዶክተር ናት እንዲሉልኝ?» አለችኝ። «እኔ መንገድ የሚለቀቅላት ልጅ ነው የፈለግኩት። ሌላ አልፈለግኩም።»

ለእንስሳት ሐኪምም መንገድ ይለቀቃል ልላት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ይለቀቅ እንደሆነ አላውቅም። ማንስ ያውቃል? እናቴ ስትናገር የኖረችው የመጀመሪያ ዋጋ መስሎኝ ነበር፤ ዝቅ ብላ የምትጠራው ሌላ ዋጋ እንደሌላት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ጎንበስ ብዬ የልብሱን ሌላኛ ጫፍ ያዝኩላትና አብረን ጨመቅነው። ሳምንቱ አለቀ። ማመልከቻ አላስገባሁም።

አሁን ሆስፒታል ውስጥ እየተዘዋወርን የምንማርበት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነኝ። መጥፎ ተማሪ አይደለሁም። ከሸደርና ከዚያም ወዲያ ካለው ገጠር የመጡ እናቶች በሶማሊኛ ሳናግራቸው ፊታቸው ይፈታል፤ ለክፍል ጓደኞቼ የልብና የሳንባ ሥዕል የምሥለው እኔ ነኝ። ይህን የሚያይ ሰው «አየሽ፣ ሁሉም ነገርሽ ገብቶበታል» ይለኛል። ይህ አባባል ደሜን ያፈላዋል። ሁሉም አልገባበትም። የእንስሳት ሕክምና የምትማር ጓደኛ አለችኝ፤ ለልምምድ ሽንሌ ወጥታ ስትመለስ ጫማዋ ላይ ያለውን አቧራ አይቼ እቀናለሁ፤ ንገሪኝ እላትና ስትነግረኝ ደግሞ በቃሽ እላታለሁ። ሕክምናን አልጠላውም። የሚከነክነኝ መርጬው ይሁን ወይስ ተነድቼ ገብቼበት አለማወቄ ነው። ጠዋት ጋውኔን ስቆልፍ የኤዶ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ ቶሎ ቆልፌ እወጣለሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከተማው ውስጥ ወሬ ተነዛ። ማን ምን እንዳደረገ የሚያውቅ የለም፤ ሱቆች ግን ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው መዝጊያቸውን ማውረድ ጀመሩ። ባጃጅ ጠፋ። ከሆስፒታሉ ልወጣ ስል ስልኬ ጮኸ፤ እናቴ ናት። ሰላምታ እንኳ የለም።

«ጋውንሽን እንዳታወልቂ። ለብሰሽው ነይ።»

ለብሼው ወጣሁ። መንገዱ ጭር ብሏል። የሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ወጣቶች ተሰብስበው ቆመዋል፤ ምን እንደሚጠብቁ እነሱም የሚያውቁ አይመስሉም። ልመለስ ብዬ አሰብኩ፤ ግን አይተውኛል። ወደ እነሱ ስቀርብ አንዱ ዞሮ አየኝና ሌሎቹን በክንዱ ወደ ጎን ገፋ አደረጋቸው። «ዶክተር፣ እለፊ» አለኝ በሶማሊኛ። በመሀላቸው አለፍኩ። ማንም ምንም አላለኝም፤ ምናልባት ያለ ጋውንም ምንም አይሉኝም ነበር፤ ይህንን መቼም ላውቀው አልችልም።

መታጠፊያውን እንዳለፍኩ እንባዬ መጣ። እናቴ ትክክል ነበረች። ትክክል መሆኗ ደስ ሊያሰኘኝ ይገባ ነበር፤ ግን ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ አላውቅም። በደህና ደርሼ እያለ የሆነ ነገር የተወሰደብኝ መሰለኝ።

እናቴና ኤዶ በራችን ላይ አብረው ቆመው ነበር። ኤዶ ጉልበታቸው ስለደከመ ገበያ መውጣት ትተዋል፤ ያን ቀን ግን ከዘራቸውን ይዘው ወጥተው ይጠብቁኛል። እናቴ የጋውኔን እጅጌ በሁለት እጇ ይዛ «አላልኩሽም? አላልኩሽም?» እያለች አለቀሰች። ከዚያ ውኃ ላምጣልሽ ብላ ወደ ውስጥ ሮጠች። ወሬው ባዶ ሆኖ በማግስቱ ሱቁ ሁሉ ተከፈተ፤ ያን ጊዜ ግን ይህን አናውቅም።

ኤዶ ቀኝ እጄን ያዙ። ጋርባሳራቸውን ከትከሻቸው ሳብ አድርገው እጃችን ላይ ጣሉት፤ ልጅ ሆኜ ገበያው ውስጥ ሲያጫውቱኝ እንደሚያደርጉት። ከጨርቁ ስር ጣታቸው መዳፌን ተጫነ፤ አንዴ፣ ቀስ ብሎ። ያ የደላላ ጥያቄ ነው፤ አንቺስ ምን ትያለሽ ማለት ነው። በሕይወቴ ስለዚህ ጉዳይ እንደዚያ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ጨብጬ ልነቀንቅ አልቻልኩም። መንጭቄ ላወጣም አልቻልኩም። እናቴ ውኃውን ይዛ ስትመለስ እጄ ገና እዚያው ነበር።